«አንድ ዓመት ይሙላው» ያለሽ ሐኪም

የዛሬው ደብዳቤ ከቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ የመጣ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ለዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ነዎት? ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የለውዝ አለርጂ አለባት። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ጎረቤት ቤት ኩኪስ በልታ ፊቷ አብጦ በአምቡላንስ ነው የሄድነው። ስትወለድ ሐኪሟ ‹ሦስት ዓመት ሳይሞላት ለውዝ እንዳትቀምስ› ብሎኝ ነበር። እኔም እንዳለው ጠበቅኩ። አሁን ወንድ ልጅ ወልጄ አምስት ወሩን ይዟል። ጉንጩና የክንዱ መታጠፊያ ላይ ችፌ አለበት፤ ሌሊቱን ሲያክ ነው የሚያድረው። ለአራተኛ ወር ክትባቱ ስንሄድ ሐኪሙ ስለ ምግብ ምንም አላለም። ስጠይቀው ‹አንድ ዓመት ይሙላውና እናያለን› አለኝ። የባሌ እህት ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። የእሷ ሐኪም ደግሞ ‹በስድስት ወሩ ጀምሪለት፣ አትዘግዪ› ብሏታል። እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት። ‹ለውዝ ለጨቅላ? ሆዱን ሊነፋው! ደሞስ አገራችን አለርጂ የሚባል ነገር መቼ ነበር?› ትላለች። ማንን ልስማ? አንድ ነገር ደግሞ ያንገበግበኛል። ትልቋ አለርጂ የያዛት እኔ ስለከለከልኳት ነው?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ ይመስለኛል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የተባልሽውን ነው ያደረግሽው። ቀምሳ ቢሆን ኖሮ አይይዛትም ነበር ብሎ ማንም ሊምልልሽ አይችልም። ገና ምንም ሳይቀምሱ ሰውነታቸው ለውዝን ጠላት ያደረገ ሕፃናት አሉ።

ያ ምክር ከየት እንደመጣ ግን ልንገርሽ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ፣ በዘር አለርጂ ያሰጋቸዋል ለተባሉ ሕፃናት ወተት እስከ 1 ዓመት፣ እንቁላል እስከ 2፣ ለውዝና ዓሣ እስከ 3 ዓመት ይቆይ ብሎ መከረ። በ2008 ያው አካዳሚ ማዘግየት እንደሚጠቅም የሚያሳምን ማስረጃ የለም ብሎ ምክሩን ተወው። ልጅሽ ስትወለድ እንግዲህ ምክሩ ከተነሳ ዓመታት አልፈውታል። ሐኪምሽ አፍ ላይ ግን እንዳለ ነበር።

በሐኪሙ ብቻ አልፈርድም። እኔ ራሴ ሕፃናት ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ «ለውዝ ከ3 ዓመት በኋላ» የሚል የተባዛ ወረቀት ለእናቶች አድያለሁ፤ ያውም ምክሩ ከተሻረ በኋላ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እናት ስትጠይቀኝ እሱን አውጥቼ እሰጣታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ቀኑን አይቼ አላውቅም።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደተገለበጠ። ጊዴዎን ላክ የሚባሉ የለንደን የአለርጂ ሐኪም ቴል አቪቭ ላይ ንግግር ሲያደርጉ ተሰብሳቢዎቹን ሐኪሞች «የለውዝ አለርጂ ያለበት ልጅ ያየ እጁን ያውጣ» ይላሉ። ለንደን ቢሆን አዳራሹ ሙሉ እጅ ነው። እዚያ ግን የወጣው ሁለት ሦስት እጅ ብቻ ሆነ። ሰውየው ነገሩን በዋዛ አላለፉትም። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የእንግሊዝንና የእስራኤልን አይሁድ ልጆች አወዳደሩ። በ2008 የታተመው ውጤት የእንግሊዞቹ የለውዝ አለርጂ አሥር እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳየ። ዘሩ አንድ ነው። የሚለየው፣ የእስራኤል ሕፃናት ጥርስ ሳያወጡ ባምባ መብላታቸው ነው። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎቼ ታውቁታላችሁ፤ አፍ ውስጥ ሟሙቶ የሚያልቀው የለውዝ መክሰስ።

ይሄ ጥርጣሬ ብቻ ነበር። ማስረጃው በ2015 መጣ። ሊፕ በሚባለው ጥናት ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸውን 640 ሕፃናት ለሁለት ከፈሏቸው። ሁሉም ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ናቸው፤ ያንቺን ልጅ ይመስላሉ። ግማሾቹ ለውዝ በየሳምንቱ በሉ፣ ግማሾቹ ጨርሶ አልቀመሱም። አምስት ዓመት ሲሞላቸው፣ መጀመሪያ የቆዳ ምርመራቸው ነፃ ከነበሩት መሀል ያልበሉት 13.7 በመቶ አለርጂ ያዛቸው፤ የበሉት 1.9 በመቶ ብቻ። እነዚያው ልጆች አድገው 13 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው እንደገና ሲታዩ ልዩነቱ አልጠፋም፤ ያውም ከስድስት ዓመታቸው በኋላ ለውዝ እንደፈለጉ ሲበሉና ሲተዉ ቆይተው።

በዚህ ላይ ተመሥርቶ በጥር 2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የአለርጂና ተላላፊ በሽታዎች ተቋም መመሪያ አወጣ። ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሕፃን ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይጀምር፤ ከዚያ በፊት ግን የደም ወይም የቆዳ ምርመራ ይታሰብለት ይላል። ቀላልና መካከለኛ ችፌ ያለበት በ6 ወሩ ገደማ፣ ምንም የሌለበት ደግሞ ሌላ ምግብ ሲጀምር እንደ ቤተሰቡ ልማድ። በ2021 የአሜሪካና የካናዳ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ይበልጥ አቀለሉት። ለሁሉም ሕፃን ለውዝና እንቁላል በ6 ወር ገደማ፣ ከ4 ወር በፊት ግን አይሆንም አሉ። ምርመራው ግዴታ መሆኑም ቀረ።

ታዲያ ሐኪምሽ ይህን አያውቅም? ምናልባት በደንብ ያውቃል። በ2020 የታተመ አንድ መጠይቅ ከ1,700 በላይ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞችን ስለ 2017ቱ መመሪያ ጠየቀ። 93 በመቶው እናውቀዋለን አሉ። ሙሉ በሙሉ እንሠራበታለን ያሉት ግን 29 በመቶ ብቻ ናቸው። 64 በመቶው «በከፊል» አሉ። ይቺ «በከፊል» የምትባል ቃል ውስጥ ያንቺም የባልሽ እህትም ሐኪም ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱ የሚያስታውሰው «ጀምሩ» የሚለውን ነው። ሌላው «ምርመራ» የሚለውን ያስታውስና ፈርቶ ያዘገያል።

ምን እንደያዛቸውም ተጠይቀዋል። ከሦስቱ አንዱ መመሪያውን መረዳትና ማን የትኛው ምድብ እንደሚገባ መለየት ይከብደኛል አለ። ከሦስቱ አንዱ ሕፃኑን ክሊኒክ ውስጥ አብልቶ መከታተል አልቻልኩም አለ። ከሁሉ ከፍ ያለው ምን መሰለሽ? የወላጆች ፍርሃት።

እዚህ ላይ አንቺንም አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቀየሚኝ። ስለ ለውዝ ስትጠይቂው በምን ድምፅ ጠየቅሽው? የአምቡላንሱን ታሪክ እየነገርሽው፣ ዓይንሽ እንባ አቅርሮ ከሆነ፣ «አንድ ዓመት ይሙላው» ያለው አንቺን ለማረጋጋት ሊሆን ይችላል። ሐኪምም ሰው ነው። የአራተኛ ወር ቀጠሮ አሥራ አምስት፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው። ክትባት አለ፣ ክብደት አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ የእናትየውን ጭንቀት መጠየቅ አለ። ለውዝ ከሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። የፈራች እናት ደግሞ ቀላሉን መልስ ታገኛለች፤ ቆዩ።

ክሊኒኮቹን ማገዝ ግን ለውጥ ያመጣል። ኢሊኖይ ውስጥ 30 ክሊኒኮች ላይ በተሠራ ሙከራ፣ ገሚሶቹ ሐኪሞች ሥልጠና ወሰዱ፤ የሕፃኑን ፋይል ሲከፍቱም ኮምፒውተሩ «ስለ ለውዝ ንገር» እያለ ያስታውሳቸው ጀመር። ለማያሰጋቸው ሕፃናት መመሪያውን የተከተሉት ወደ 84 በመቶ ደረሱ፤ ባልታገዙት ዘንድ 35 በመቶ ገደማ ነበሩ። ለሚያሰጋቸው ሕፃናት ግን፣ ታግዘውም፣ ከ27 በመቶ አላለፉም። ያልታገዙት 10 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ከመመሪያው ይበልጥ የሚጠቀሙት ልጆች ናቸው ይበልጥ የሚቀሩት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጤነኛ ቆዳ ላላት ሕፃን «ጀምሪላት» ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ላንቺ ልጅ ግን ሐኪሙ ችፌውን መመዘን፣ ምርመራ ማዘዝ፣ ውጤቱን ማንበብ፣ ምናልባትም ወደ አለርጂ ስፔሻሊስት መላክ አለበት። በአንዱ ቦታ ላይ ክሩ ይበጠሳል።

እኛን በተለይ የሚነካ ሌላ ነገርም አለ። የችፌ ፎቶ መጽሐፍ ላይ ስታዪ አብዛኛው ነጭ ቆዳ ላይ የተነሳ ነው፤ ቀይ ነው። እኛ ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ቀይ አይሆንም። ጠቆር ይላል፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ይመስላል፣ አንዳንዴ ጥቃቅን ሆኖ ያብጣል። ቀይ የለመደ ዓይን ከባዱን ችፌ «ትንሽ ድርቀት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። መመሪያው ከባድ የሚለው ቶሎ ቶሎ የሚመለሰውን፣ ቅባት በደንብ እየተቀባም በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ደጋግሞ የሚያስፈልገውን ነው። ሌሊቱን ሲያክ የሚያድር ልጅ በትክክል መታየት አለበት። ለውዙ ቢቀር እንኳ እንቅልፍ ይገባዋል።

ችፌና ለውዝ ምን አገናኛቸው ትዪ ይሆናል። ሐኪሞቹ አሁን የሚያምኑት እንዲህ ነው። ለውዝ በአፍ ሲገባ ሰውነት ምግብ ነው ብሎ ይለምደዋል። የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ብናኙ ሲያርፍ ግን ወራሪ ነው ብሎ ይመዘግበዋል። ለውዝ የሚበላበት ቤት ውስጥ ብናኝ አይጠፋም። ስለዚህ እሽቅድምድም ነው፤ በአፉ ይቅደም ወይስ በቆዳው። ችፌ ያለበትን ልጅ ዓመት ሙሉ ማስጠበቅ የማልወደው ለዚህ ነው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? እስከ ስድስተኛ ወሩ ቀጠሮ አትጠብቂ። ዛሬ ማታ በክሊኒኩ ፖርታል ለሐኪሙ መልእክት ላኪ። የጽሑፍ ጥያቄ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ሐኪሙም ረጋ ብሎ መመሪያውን ገልጦ ይመልሳል። ችፌውን በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ፎቶ አንሺና አያይዢው። እኔ በአማርኛ ልጻፍልሽ፣ አንቺ ተርጉሚው፦

«ልጄ አምስት ወሩ ነው። ችፌ አለበት፣ ሌሊት አያስተኛውም፤ ፎቶውን አያይዣለሁ። እህቱ የለውዝ አለርጂ አለባት። በ2017ቱ መመሪያ ችፌው ከባድ ነው ወይስ መካከለኛ? ከመጀመሩ በፊት የለውዝ ምርመራ ያስፈልገዋል? የት ልጀምርለት፣ ቤት ወይስ ክሊኒክ? እንቁላልስ? እኔ ቶሎ መጀመሩን እፈልጋለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለያት። ፍርሃትሽን ከሐኪሙ ጫንቃ ላይ የምታወርድለት እሷ ናት። እንግሊዝኛው ለሚከብዳችሁ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ጠይቁ፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ።

ምርመራ ካዘዘ ለለውዝ ብቻ ይሁን። «እግረ መንገዳችንን ሃያ ዓይነት ምግብ እንመርምር» ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቂው። የደም ምርመራ ላይ ምልክት ታየ ማለት ልጁ አለርጂ አለበት ማለት አይደለም። በባዶ ፍርሃት ስንዴና ወተት የተከለከሉ ሕፃናትን አይቻለሁ። ውጤቱ ነፃ ከሆነ ቤት መጀመር ትችያለሽ። ምልክት ካለው ወደ ስፔሻሊስት ይሂድ። ወረፋው ወራት ከሆነ «መመሪያው ጊዜ ገደብ ያለው ነው፣ ልጁ እያደገብኝ ነው» ብለሽ ቀደም ያለ ቀጠሮ ጠይቂ፤ የተሰረዘ ቀጠሮ ካለም እንዲደውሉልሽ ተመዝገቢ። ሐኪሙ ከዚህ ሁሉ በኋላም «ዓመት ይሙላው» ካለሽ ምክንያቱን ይንገርሽ። ምክንያት ከሌለው ሌላ ሐኪም ማየት ነውር አይደለም።

«ቤት ጀምሪ» ከተባልሽ፣ ልጁ ሌላ ለስላሳ ምግብ ቀምሶ የለመደ፣ ያን ቀን ያላተኮሰውና ያላሳለው ይሁን። ጠዋት ይሁን፤ ማታ ሊተኛ ሲል አይሁን። ሁለት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ የለውዝ ቅቤ በሁለት ሦስት ማንኪያ ሙቅ ውኃ በጥብጪና ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ በማንኪያ ጫፍ አቅምሺው። አሥር ደቂቃ ጠብቂ። ደህና ከሆነ ቀሪውን ቀስ እያልሽ ስጪው። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ከዓይንሽ አይራቅ። አፉ ዙሪያ ብቻ ትንሽ ሽፍታ ቢወጣ አቁሚና ለሐኪሙ ደውዪ። ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካሳለ፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ ወይም ዝልፍልፍ ካለብሽ ግን 911 ነው፤ መጀመሪያ ለእኔም ለእናትሽም አትደውዪ። ደረቅ ለውዝ እንደ ቆሎ መስጠት አይቻልም፤ አራት ዓመት እስኪሞላው ያንቀዋል። የለውዝ ቅቤውም ሳይበጠበጥ በማንኪያ አይጎረስም።

ጀምሮ መተው ደግሞ የለም። ብዙ ወላጅ አንዴ አቅምሶ «አልፈናል» ይላል። ሊፕ ላይ ልጆቹ እስከ አምስት ዓመታቸው በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ነው የበሉት። ገንፎው ውስጥ፣ አጃው ውስጥ፣ ሙዝ ላይ ቀላቅዪለት። እንቁላል በደንብ ተቀቅሎ ይሁን። ዓሣ፣ ሰሊጥ፣ ስንዴ፣ እርጎም ተራ በተራ ይግቡ፤ ለማዘግየት ምክንያት የለም።

ትልቋ ልጅሽ። ይሄ ያንቺ ቤት ከባዱ ክፍል ነው፤ ደብዳቤሽ ላይ ባትጽፊውም ገብቶኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለውዝ ያልገባበትን ቤት አሁን ለውዝ አስገቢ እየተባልሽ ነው። በመጀመሪያ ከእሷ የአለርጂ ሐኪም ጋር ተነጋገሪ። ከተስማማችሁ ትምህርት ቤት ስትሄድ አብዪው። አንድ ማንኪያና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ለእሱ ብቻ ይለዩ። እጅሽንና እጁን፣ ፊቱንም በሳሙናና ውኃ እጠቢ። ሳኒታይዘር የለውዙን ፕሮቲን አያነሳውም። ጠረጴዛውንም እንዲሁ። የለውዝ ቅቤው ዕቃ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፣ ምልክት ተደርጎበት። ኤፒፔኗ፣ የድንገተኛ አለርጂ መርፌዋ፣ ሁልጊዜ የምታውቂው ቦታ ይቀመጥ። ለእሷም በግልጽ ንገሪያት፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይገባታል። ወንድሟን ፊቱና እጁ እስኪታጠብ አትስመው።

ይህ ሁሉ ድካም ያዋጣል ወይ? ፊላደልፊያ ካለው የሕፃናት ሆስፒታል የወጣ የ2025 ጥናት፣ ከ2017ቱ መመሪያ በኋላ በትንንሽ ልጆች ላይ የለውዝ አለርጂ ከመመሪያዎቹ በፊት ከነበረው ከ40 በመቶ በላይ ቀንሶ አገኘው። ያውም ሐኪሞቹ «በከፊል» እየሠሩበት።

እናትሽን በተመለከተ፣ አገር ቤት አልነበረም ማለታቸው በዓይናቸው ያዩትን ነው፤ አልከራከራቸውም። ግን ይህን ጠይቂያቸው፤ ጤና ጣቢያ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፕ ነት ከምን ይሠራል? ከለውዝ ነው። ከስድስት ወር ጀምሮ ይሰጣል። የስንቱ ጨቅላ ነፍስ ተርፎበታል። ሆድ የሚነፋው ደረቁና ብዙው ነው በያቸው፤ የተበጠበጠች ሁለት ማንኪያ ምንም አትልም። በጥብጦ ማብላቱንም ለእሳቸው ስጪያቸው። እጅሽ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የእሳቸው ይሻላል። አንቺ ሰዓት ያዢ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። የአራስ ጓዛቸው ውስጥ ማር ሳይኖር አይቀርም። ማር ለሕፃን ቦቱሊዝም የሚባል መርዘኛ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ለጉሮሮውም ለሳሉም ብለው ጠብ እንዳያደርጉለት። «አንድ ዓመት ይሙላው» የሚባለው እሱ ነው።